ካፖርት ቆጣሪው

ባለፈው ሳምንት የልጄን ዩኒፎርም ለማሳጠር ወልቂጤ መናኸሪያ አካባቢ ወዳለው ልብስ ሰፊ ጎራ ብዬ ነበር። ስደርስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ወደ ኋላ ገልብጦ ሆዱን ዘይት ያጠጣል። የማሽን ዘይት ሽታ ከጋለ ካውያና ከእርጥብ ጨርቅ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬን ሲመታው እዚያው በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። «እሺ፣ ምን ላድርግልሽ?» ይለኛል ሰፊው፤ እኔ ዩኒፎርሙን አንጠልጥዬ ዘይቱን አያለሁ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበር። በዚያ ሽታ ትዝ ሊለኝ የሚገባው እሱ ነው። ትዝ ያለኝ ግን ጋሽ መርሻ ነው። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ የዚያ ሰው ነገር ሲነሳ እኔ ሁልጊዜ ግራ ይገባኛል።

ጋሽ መርሻ ቡታጅራ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ደራሲ ነበር። የሚጽፈው የስለላ ልብ ወለድ ነው። ከዚያ በፊት በሰሜኑ ጦርነት የጦር ሠራዊቱ የመረጃ ሰው ነበር ይባላል። «ይባላል» የምለው እሱ ራሱ አንድም ቀን አፉን ሞልቶ ስላልነገረን ነው። መንግሥት ተለውጦ ሠራዊቱ ሲበተን አንዲት የቆርቆሮ ሻንጣና አንድ የአማርኛ ታይፕ ይዞ መጣ። ዘመድ የለው፣ የሚያውቀው ሰው የለው። ለምን ቡታጅራን እንደመረጠ ሲጠየቅ «አውቶቡሱ እዚህ ነው የቆመው» ይላል፤ ሰው ይስቃል፤ እሱ አይስቅም።

ረጅም፣ ትከሻው ወደ ፊት የጎበጠ፣ ፂሙን በየጠዋቱ ሙልጭ አድርጎ የሚላጭ ሰው ነበር። ክርኑ ላይ አባቴ ቁራጭ ጨርቅ የጣፈለት ግራጫ ሹራብ ነበረው፤ ክረምት ከበጋ እሱን ነው የሚለብሰው። ሻይ ቤት ሲገባ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ካልሆነ አይቀመጥም። ሰው ሲያናግረው ከዓይኑ ይልቅ እጁን ያያል። እራት ከእኛ ቤት ነው የሚሄድለት። እኛ ሙስሊሞች ነን፣ እሱ ክርስቲያን፤ ስለዚህ ሥጋ በተሠራ ቀን እናቴ ለእሱ ለብቻው ጎመንና አይብ በቆጮ አድርጋ በሰሃን ትልክለታለች። «ብቸኛ ሰው ነው፤ የእኛን ሽታ እያሸተተ ጦሙን አይደር» ትላለች።

የታይፑን ዘይት የሚወስደው ከአባቴ ነበር። የአባቴ ሱቅ ከግቢያችን በር ጋር የተያያዘች ጠባብ ክፍል ናት። ከወዲህ የአባቴ መኪና ጠረረረ ይላል፣ ከወዲያ የጋሽ መርሻ ታይፕ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ እናቴ መሀል ላይ ቆማ «ጆሮዬን ለሁለት ተካፈሉት» እያለች ትነጫነጫለች። የአንዱ ድምፅ ሲቆም ሌላውም ይቆማል። ያኔ ሁለቱ ሻይ ሊጠጡ ነው ማለት ነው።

እኔን «መቶ አለቃ» ነበር የሚለኝ። ስሜ ነኢማ ነው፤ ነኢማ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ ሱቅ ውስጥ የጨርቅ ጥቅል ላይ እቀመጣለሁ፤ ደንበኛ ገብቶ ሲወጣ ጋሽ መርሻ ቀስ ብሎ «መቶ አለቃ፣ ሪፖርት» ይላል። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ እዘረዝራለሁ፤ ሴትየዋ ከእንሴኖ ነው የመጣችው፣ ጫማዋ ላይ ቀይ ጭቃ አለ፣ ለባሏ ሱሪ ስታዝ ቁመቱን ሁለት ጊዜ ቀያየረች። «ለምን ቀያየረች?» ይለኛል። አላውቅም ስለው ደስ ይለዋል። «አላውቅም የሚል መረጃ ከሁሉ ይሻላል» ይለኛል። ይህ ጠባይ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ባለቤቴ «ያገባሁት ደህንነት ነው» እያለ ሰው ፊት ያሾፍብኛል።

መጽሐፉን ታይፕ ሲያደርግ ከዋለ ማታ ማታ ለአባቴ ያነብለት ነበር። አባቴ ጠርዝ እየጠመዘዘ፣ ጨርቅ እየቀደደ፣ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ ይሰማዋል። አንድ ጊዜ ሰላዩ በካፖርቱ ውስጥ ሽጉጥ ደብቆ ኬላ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ሲደርሱ አባቴ መኪናውን አቆመ። እስቲ እንየው ተባባሉ። አባቴ አንድ አሮጌ ካፖርት ፈትቶ የተባለውን ስውር ኪስ ሰፋበት፣ በሽጉጥ ፋንታ የእንጨት ቁራጭ ከተቱበት፣ ጋሽ መርሻ ለብሶት በገበያ ቀን እስከ መስጊዱ ድረስ እንዲሄድ ተደረገ። መመለሻው ላይ እንጨቱ ኪሱን ቀዶ ቅቤ ሻጮቹ መሀል ዱብ አለ። አባቴ እንደዚያ ቀን ሲስቅ አይቼው አላውቅም። እንባውን በመለኪያ ሜትሩ ነበር የሚጠርገው። ሁለቱ ጓደኛሞች ነበሩ። ይህን በደንብ ያዙልኝ።

ከዚያ ሦስተኛው መጽሐፍ ታተመ። ለአረፋ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት በገመድ ታስሮ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ከአዲስ አበባ መጣ። የመናኸሪያው ጋዜጣ አዟሪ መሬት ላይ ደርድሮ ይሸጠው ጀመር። ያገራችን ሰው፣ ደራሲው ጎረቤቱ የሆነ መጽሐፍ ሲያገኝ አይምርም፤ ማንበብ የማይችለው ሰው እንኳ እያስነበበ ይሰማዋል።

ታሪኩ አስመራ ውስጥ ስለሚኖር አንድ ልብስ ሰፊ ነው። ከደቡብ የሄደ፣ ዝምተኛ፣ ለጦሩ ካፖርት የሚሰፋ ሰው። ጦሩ አዲስ ወታደር ሲያመጣ ካፖርት ያዛል፤ ሰፊው የታዘዘውን ካፖርት ቆጥሮ ቁጥሩን ለጠላት ያቀብላል። ጠላት በካፖርቱ ቁጥር የወታደሩን ብዛት ያውቃል፣ ጠብቆ ይመታል፣ አንድ ሻለቃ ጦር ሸለቆ ውስጥ ያልቃል። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሰፊ መርፌዎቹን ኮሌታው ላይ ይሰካል። ክር በጥርሱ ይበጥሳል። ሲሰፋ ያንጎራጉራል። ቡታጅራ ውስጥ ያን ሁሉ የሚያደርግ፣ በወጣትነቱ አስመራ ሄዶ ለጦር ሰፈር ካፖርት የሰፋ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም አባቴ ሸምሱ ነው። ጋሽ መርሻ ያን መጽሐፍ ብቻ ሱቅ ውስጥ አላነበበውም። አባቴ የሰማው ከመንገድ ነው።

እንግዲህ ልብ ወለድ ልብ ወለድ ነው ትሉኝ ይሆናል። እናንተ ከከተማችን ሰው አልተወለዳችሁም። መጽሐፉን የጻፈው ሰው የመረጃ ሹም ነበር፤ ጦርነቱን ያውቃል፤ ከሸምሱ ጋር ሻይ ይጠጣል፤ ታዲያ ከየት አምጥቶ ይጽፋል? ሰው የተቀበለው እንደ ምስክር ቃል ነው። በዚያ ላይ ልጃቸው ሰሜን ሄዶ ያልተመለሰ ቤተሰብ በየሰፈሩ ነበር። ከእኛ ፊት ለፊት ያለችው እትዬ ብርቄ አንዷ ናት። ልጇ ግርማ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወሬው ጠፋ። መርዶ አልመጣም፣ እሱም አልመጣም። እትዬ ብርቄ እናቴ ስታምጥ እጇን የያዘች፣ እኔን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች ሴት ናት። ጠዋት ጠዋት እናቴ «አሰላሙ አለይኩም» ስትላት እሷ ክርስቲያኗ «ወአለይኩም ሰላም፣ እንዴት አደርሽ» ብላ ትመልሳለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ፤ ቀኑ የሚጀምረው እንደዚያ ነው።

መጽሐፉን አስነብባ በሰማች ማግስት ሱቁ በር ላይ መጥታ ቆመች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር። አልጮኸችም። አባቴን ትክ ብላ አየችውና «ሸምሱ፣ የግርማንም ካፖርት ቆጥረሃል?» አለችው። አባቴ መቀሱን አስቀመጠ። እሷም መልስ ሳትጠብቅ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእናቴን ሰላምታ አልመለሰችም።

ከእሷ በኋላ ሌላው ተከተለ። በሌላው ዓመት አረፋ ሲደርስ የአባቴ ሱቅ መግቢያ መውጫ አይኖረውም ነበር፤ ከአዲስ አበባ የሚገባው ዘመድ፣ ከገጠር የሚመጣው ሰው፣ ሁሉም አዲስ ልብስ ይፈልጋል። ያን ዓመት ያዘዙት እንኳ ጨርቃቸውን ሳይቀደድ እየጠየቁ ወሰዱ። እድርተኛው ፊት ነሳን። ከመስጊድ ሲወጣ አባቴ ብቻውን ነበር የሚመጣው። እናቴ የጋሽ መርሻን ሰሃን አቋረጠች። «በል አንድ ነገር በል» ትለዋለች አባቴን፤ «አላደረግኩም በል፤ ለእኔ እንኳ በል»። አባቴ የሚመልሰው አንድ ነገር ነው፤ «መርሻ የጻፈው ልብ ወለድ ነው» ይላል። «አላደረግኩም» ግን አይልም። ይሄ ነው ያኔም አሁንም የሚከነክነኝ።

እኔስ? ልጅ ነበርኩ፤ ማንን እንደምጠላ አላውቅም። ጋሽ መርሻ በር ላይ ቆሞ «መቶ አለቃ፣ ዛሬ ሪፖርት የለም?» ሲለኝ መሬት መሬት እያየሁ አለፍኩት። ከዚያ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ። አባቴ ሰው አስጨርሶ ከሆነ ጋሽ መርሻ እውነተኛ ሰው ነው፤ አባቴ ንጹህ ከሆነ ደግሞ ጋሽ መርሻ ክፉ ነው። ሁለቱንም እወዳቸው ነበር። ከሁለት አንዳቸውን ማጣት ግዴታ የሆነብኝ መሰለኝ።

በመጨረሻ እትዬ ብርቄ ሽማግሌ ሰበሰበች። ሸንጎው የተቀመጠው በሙስሊሙ ወገን ሽማግሌ በሐጂ ከድር ጓሮ፣ ዋንዛው ሥር ነው፤ በእኛ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሽማግሌ አብሮ ነው የሚቀመጠው። እናቴ ብቻዬን አልሄድም ብላ እጄን ይዛኝ ሄደች። አባቴ በአንድ ወገን፣ እትዬ ብርቄ በሌላ ወገን፣ ጋሽ መርሻ ግራጫ ሹራቡን ለብሶ መሀል። መጽሐፉ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ እንደ ተከሳሽ።

ሐጂ ከድር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጌታው፣ ይሄ የጻፍከው ነገር እውነት ነው ውሸት?»

«ልብ ወለድ ነው፣ ሐጂ።»

«እሱንማ ሰማን። እውነት ነው ውሸት ነው የምልህ።»

«ሁለቱም አይደለም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አቶ ዘርጋ የሚባሉት የክርስቲያኑ ወገን ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እኔ ጥርሴ እስኪረግፍ ሽምግልና ተቀምጫለሁ» አሉ፤ «የመሬት ነገር፣ የሚስት ነገር፣ የደም ነገር አይቻለሁ። ሁለቱም ያልሆነ ነገር ግን ቀርቦልኝ አያውቅም።» ከኋላ የሳቀ ሰው ነበር፤ ሐጂ ገላመጡት።

ረጅም ጊዜ ተማከሩ። በእኛ ባህል ነገር ሲጨልም የሚለየው መሐላ ነው። የተማለበት ነገር ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያነሳው ሰው፣ የልጅ ልጅም ቢሆን፣ እንደ አዲስ በዳይ ይቆጠራል። ስለዚህ ሸምሱ ይማል ተባለ። ያ ሰው አይደለሁም ብሎ ከማለ ሱቁም ስሙም ይመለሳል፣ ብርቄም ታርቃለች። ሐጂ «በል ውዱእ አድርግና ና» አሉት።

አባቴ ማንቆርቆሪያውን ይዞ እንሰቱ ጥግ ሄደ። እጁን ታጠበ። ፊቱን ታጠበ። ክንዱን ታጠበ። ከዚያ እንደገና ክንዱን ታጠበ። ሰው ሁሉ የውሃውን ድምፅ ይሰማል። እናቴ እጄን ጨምቃ ይዛኝ ነበርና ጣቶቼ ደነዘዙ። አባቴ እግሩን ማጠብ ጀመረ፤ አቁሞ ማንቆርቆሪያው ውስጥ አየ፤ እንደገና ጀመረ። መሐላ የሚፈራ ንጹህ ሰው ብዙ አለ፤ እናቴ ራሷ ስለ እንቁላል እንኳ አትምልም። ያን ዕለት ግን ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ጋሽ መርሻን አየሁት። እንዳስተማረኝ የአባቴን እጅ ነበር የሚያየው።

ድንገት ጋሽ መርሻ ተነሳ። «ይቅር፣ አይማል» አለ። «ካፖርት ቆጣሪው እኔ ነኝ።»

ሸንጎው እንዴት እንደተላወሰ ልነግራችሁ አልችልም። ጋሽ መርሻ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ ለአለቃው እንደሚናገር ቀጥ ብሎ ቆሞ ተናገረ። የካፖርቱ ትዕዛዝ በእሱ እጅ ያልፍ እንደነበር፣ ቁጥሩን አሳልፎ የሰጠው እሱ እንደሆነ፣ በራሱ ስም ለመጻፍ ስላፈረ ወዳጁ ላይ እንዳላከከው ተናገረ። «ሸምሱ ካፖርት ከመስፋት በቀር የሚያውቀው ነገር የለም» አለ። አቶ ዘርጋ መጽሐፍ ቅዱስ አስመጡ። እጁን ጭኖ ማለ።

እትዬ ብርቄ ተነስታ ወደ እሱ ሄደች። ትቧጭረዋለች ብለን ሰጋን። እሷ ግን አባቴን የጠየቀችውን ያንኑ ጠየቀችው። «የግርማንም ቆጥረሃል?»

«ቆጥሬያለሁ፣ እናቴ» አላት።

ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ለሽማግሌዎቹ «ሰምቻለሁ» አለች። ሽማግሌዎቹ ፈረዱ፤ ሸምሱ ንጹህ ነው፣ ነገሩ ዳግም አይነሳም፣ መርሻ ከተማውን ይልቀቅ።

በማግስቱ ጋሪ መጣ። ሻንጣውንና ታይፑን ጋሪው ላይ የጫነለት አባቴ ነው። እስከ መናኸሪያም የሸኘው አባቴ ነው። ከበራችን ሆኜ አየኋቸው፤ ተሰናባቹ ሳይሆን ሸኚው ነበር አንገቱን የደፋው። ጋሽ መርሻ ለእኔ ምንም አላለኝም፤ ግንባሬን ነካ አድርጎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ሌላ መጽሐፍ ጻፈ ሲባል አልሰማሁም። የት እንደገባም የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ሰላይም ደራሲም የነበረ ሰው ነው፤ ሁለቱም ሥራ መዋሸትን ያስተምራል። ታዲያ ያን ዕለት የተናገረው ኑዛዜ ነው? ወይስ ለእኛ ሲል እዚያው ቆሞ የጨመረው ሌላ ምዕራፍ? ወላሂ አላውቅም። ስንት ሌሊት ባንኜ አስቤዋለሁ።

አባቴን አልጠየቅኩትም። በመሐላ የተዘጋ ነገር ነው፤ እንዴት ብዬ? ሱቁ ተመልሶ ሞላ። ለአረፋ የሚሰፋው ልብስ እስከ ጣሪያ ተከመረ። በአንድ በኩል ደስ አለኝ፣ በሌላ በኩል ከወዲያኛው ክፍል ድምፅ ስለማይመጣ አባቴ ሻይ መጠጫ ሰዓቱን ይረሳ ነበር። አንዳንዴ መኪናውን አቁሞ ጆሮውን ወደዚያ ያዘነብላል። ምን እየሰማህ ነው ብዬ ልጠይቀው እልና እተወዋለሁ።

አባቴ የሞተው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ቀባሪው መንገዱን ሞልቶት ነበር፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። ለለቅሶ ከወልቂጤ መጥቼ ሰነበትኩ። ሰው ሳሳ ሲል እትዬ ብርቄ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች። አርጅታለች፤ ጉልበቷን እያሸች ነው የምታወራው። ስለ አባቴ ደግነት እያወራች ሳለ፣ ሳልጠይቃት፣ ድንገት «ያ ሰውዬ እኮ ውሸቱን ነበር» አለችኝ።

«የትኛው ሰውዬ?» አልኳት፤ የትኛው እንደሆነ እያወቅኩ።

«መርሻ ነዋ። የግርማንም ቆጥረሃል ስለው ቆጥሬያለሁ አለኝ። መቼ ዘመተ አላለኝ፣ የትኛው ክፍለ ጦር ነበር አላለኝ። ልጄን ከየት ያውቀዋል? የቆጠረ ሰው መጀመሪያ ይጠይቃል። እዚያው ቆሜ ነው ውሸቱን ያወቅኩት።»

ዙሪያዬን አየሁ፤ የሰማን ሰው የለም። «ታዲያ...» አልኳት፤ «ታዲያ አባቴ ነበር ማለት ነው?»

እትዬ ብርቄ ጉልበቷን ማሸቷን ተወች። «እሱንማ አላውቅም። ማወቅም አልፈለግኩም» አለች። «የእኔ ልጅ ማንም ቢቆጥረው አይመጣ። እናትሽ ግን እዚህ ፊት ለፊቴ ናት። ጠዋት ተነስቼ ሰላም ሳልላት መዋል ገድሎኝ ነበር። ሰውዬው ሊያስታርቀን ዋሸ፤ እኔም መታረቅ ፈልጌ ዝም አልኩ።»

ላመሰግናት ፈለግኩ፣ ላለቅስም ፈለግኩ፣ ለምን ነገርሽኝ ብዬ ልቆጣትም ፈለግኩ። እሷ ትከሻዬን ተደግፋ ተነሳች። ጫማዋን በእግሯ እየፈለገች አግኝታ፣ እናቴ ወደተቀመጠችበት ፍራሽ ሄዳ አጠገቧ ዘፍ አለች። እናቴ የያዘችውን ዳቦ ቆርሳ ግማሹን ሰጠቻት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው፤ የሚያወሩት ዝናቡ ስለ መዘግየቱ ነበር።